ስብ በሥጋ ዋጋ

ለበዓል ዶሮ ስትገዙ ክንፏን ይዛችሁ ከፍ በማድረግ ትመዝኗታላችሁ አይደል? እኔም ባለፈው ፋሲካ ከሁሉም የከበደችውን መረጥኩ። ቤት ስንበልታት ግን ሆዷ በቢጫ ስብ ተሞልቷል። አባዬን ሐኪም «ስብ ቀንስ» ብሎታል። እማዬ «ስብ በሥጋ ዋጋ ገዛሽ!» አለችኝ። የማርኬቲንግ ሠራተኛዋ በላባ ተሸወድኩ!

ክብደት ብቻውን አይበቃም፤ ሦስት ነገር እዩ።

ዝርያ፦ ለሥጋ የተዳቀለ የፈረንጅ ዶሮ በ6 ሳምንት ገደማ 2 ኪሎ ይደርሳል፤ ደረቱም ሰፊ ነው። የሐበሻዋ ከብዙ ወራት በኋላም ብዙ ጊዜ ከዚያ ታንሳለች። እየተሯሯጠች ስለምታድግ ሥጋዋ ጠንከር ይላል፤ ወጧም ረዘም ያለ እሳት ይፈልጋል።

ፆታ፦ ዝርያቸውና ዕድሜያቸው እኩል ከሆነ አውራው በሥጋ፣ ሴቷ በስብ ትበልጣለች።

መኖ፦ በቆሎ በዝቶ ፕሮቲን ሲያንስ ትርፉ ጉልበት ስብ ሆኖ ይቀመጣል። ቤታችሁ የምታረቡ ከሆነ ከበቆሎው ጋር የኑግ ፋጉሎ ወይም የተቆላ አኩሪ አተር ቀላቅሉ።

በሚቀጥለው በዓል ከዋጋው በፊት ሻጩን «ምን ስትበላ ከረመች?» በሉት። እኔ ለአባዬ አውራ እገዛለሁ።