የጓሮ ዶሮና የዕድር ዳኛ

በአገራችን ገጠርና በከተሞቻችን ዳርቻ በሬ የሌለው ገበሬ፣ ላም የማትታለብበትም ደጅ በየመንደሩ ይገኛል፤ ጥቂት ዶሮዎች የማይጭሩበትን ግቢ ግን ፈልጎ ማግኘት አይቀልም። ይህች ፍጥረት በዋጋ ከቤት እንስሳት ሁሉ ታናሽ ብትሆንም፣ ለድኻይቱ የቤት እመቤት የመጀመሪያዋ ሀብት፣ ለጨውና ለቡና የምትደርስ፣ ለልጆች ደብተርና እስክሪብቶ የምትገዛ፣ እግዚአብሔር ሲረዳም በግልገል፣ ግልገሏም ውሎ አድሮ በጊደር የምትለወጥ የኑሮ መሰላል ታችኛዋ እርከን ናት። በብዙ ቤትም አባወራው ስለ እህሉና ስለ ከብቱ እንጂ ስለ እንቁላሉ ሽያጭ ሚስቱን ሒሳብ መጠየቅን እንደ ነውር ስለሚቆጥረው፣ እናቶቻችን ሳይሳቀቁ የሚያዙበት ገንዘብ ከጓሮ ዶሮ የሚገኘው ብቻ ሆኖ የኖረበት ጊዜ ረጅም ነው።

ስለ እርባታው ጥበብ እናቶችን ማስተማር የሚያሻን አይመስለኝም። የሐበሻ ዶሮ በዓመት የምትጥለው እንቁላል ከ40 እስከ 60 ቢደርስ ነው፤ ጥቂት ሳምንታት ጥላ ለመታቀፍ ትቀመጣለችና። የሚታቀፈውን እንቁላል በጆሮ አጠገብ ነቅንቆ ወይም ውኃ ውስጥ ነክሮ መምረጥን፣ በጭድ ጎጆ ማመቻቸትን፣ 21 ቀን መጠበቅን፣ መታቀፏ ባልተፈለገ ጊዜም ዶሮይቱን ቁልቁል ማንጠልጠልን፣ አፍንጫዋን በላባ መሰካትን፣ አልያም ሐሳቧን እስክትለውጥ ድረስ ጥቂት ቀን ጎረቤት ቤት ማሳደርን ከእናቶቻቸው ወርሰዋል። በወንጌል እንደ ተጻፈ ጌታ ስለ ኢየሩሳሌም ባዘነ ጊዜ ጫጩቶቿን በክንፎቿ ሥር የምትሰበስበውን ዶሮ ለፍቅሩ ምሳሌ ማድረጉ ለእነዚህ እናቶች ማብራሪያ የሚያሻው ነገር አይደለም፤ ጭልፊት በሰማይ ባንዣበበ ቁጥር በደጃቸው ያዩታልና።

ይህን ሁሉ ድካም በአንድ ሳምንት ከንቱ የሚያደርግ ደዌ ግን አለ፤ እርሱም ሕዝቡ ፈንግል፣ የእንስሳት ሐኪሞች ኒውካስል የሚሉት ነው። ትናንት ማታ ጥሬዋን ለቅማ ቆጥ ላይ የወጣችው ዶሮ በነጋታው ክንፏን ጥላ፣ ትንፋሽ አጥሯት፣ አረንጓዴ ኩስ እየጣለች ትገኛለች፤ ከሞት የተረፈችም ብትኖር አንገቷ ተጠማዞ ትቀራለች። ምክንያቱ ቫይረስ ስለ ሆነ ፈዋሽ መድኃኒት የለውም፤ ነጭ ሽንኩርቱም፣ ሎሚውም፣ አረቄውም፣ ከመድኃኒት ቤት ለሰው ተብሎ የተገዛው ቴትራሳይክሊንም ለባለቤቷ መጽናኛ ከመሆን አያልፉም። ደዌው በብዛት የሚበረታው ክረምት ሊገባ ሲል ነው፤ በበዓላት ሰሞንም የዶሮ ገበያ ሲደራ አብሮ ይጓዛል። ለፋሲካ ወይም ለእንቁጣጣሽ የተገዛው አውራ ዶሮ ከሩቅ አገር ከመቶ ባልንጀሮቹ ጋር በአንድ ቅርጫት ተጭኖ መጥቶ፣ እግሩ በገመድ ታስሮ እስከ ዋዜማው በግቢው ይቆያል፤ እርሱ ብልቱ ወጥቶ ድስት ከገባ በኋላ የግቢው ዶሮዎች አንድ በአንድ መውደቅ ሲጀምሩ፣ ምክንያቱን የሚጠረጥረው ሰው ጥቂት ነው፤ ሌላው በጎረቤት ዓይን ያሳብባል።

ለመናገር ቢያሳፍርም ከዚህ የከፋ ልማድ አለን። ፈንግል በአጥር ማዶ መግባቱን የሰማ ባለቤት ገና በእግራቸው የቆሙትን ዶሮዎች ለቃቅሞ በማግስቱ ገበያ ያወጣል፤ የገዛውም ሰው ደዌውን ከነዋጋው ይዞ ወደ መንደሩ ይገባል። ይህን የሚያደርገው በድኅነት ምክንያት ስለ ሆነ ጨክነን ልንፈርድበት አንችልም፤ ሆኖም አንዱ ቤት ኪሳራውን ለመሸሽ ያደረገው ነገር መንደሩን ሁሉ ለኪሳራ መዳረጉ አይቀርም።

እንግዲህ ክትባት የለምን? አለ፤ በአገራችንም ይሠራል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 በቢሾፍቱ የተቋቋመው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ የፈንግልን ክትባት እያዘጋጀ ያከፋፍላል፤ ከዓይነቶቹም መካከል አይ-ቱ የሚባለው ሙቀትን ከሌሎቹ ይልቅ የሚችል ስለ ሆነ ማቀዝቀዣ ለሌለበት ገጠር የተመቸ ነው፤ አሰጣጡም በዓይን አንድ ጠብታ ማንጠብ ብቻ ነው። ችግሩ ያለው በብልቃጡ ላይ ነው። አንዲቱ ብልቃጥ የምትበቃው ለብዙ አሥሮች፣ አልፎም ለመቶዎች ዶሮዎች ነው፤ ከተበጠበጠችም በኋላ ለነገ አታድርም። ስድስት ዶሮና አንድ አውራ ያላት ሴት ይህችን ብልቃጥ ገዝታ ሰባቱን አንጠብጥባ የቀረውን ትደፋ ዘንድ ማን ይመክራታል? የእንስሳት ጤና ባለሙያውስ ስለ ሰባት ዶሮ ተራራ ይወጣ ዘንድ ማን ያዝዘዋል? ስለዚህ ክትባቱ ቢሾፍቱ ተቀምጦ፣ ዶሮዋ ጓሮ ውስጥ ትሞታለች።

የብልቃጡ መጠን ለአንድ ቤት ሳይሆን ለአንድ ዕድር የተሰፈረ ይመስላል። ሰማንያ ወይም መቶ አባወራ ያለው ዕድር፣ ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና ጡሩምባ ነፊ አለው፤ መዋጮ ይሰበስባል፤ የቀረውን ይቀጣል፤ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር በደብዳቤ ይነጋገራል። በዓመት ሦስት ጊዜ ከወረዳው የግብርና ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ጠርቶ፣ ከእያንዳንዱ ዶሮ ላይ ጥቂት ሳንቲም ሰብስቦ፣ የመንደሩን ዶሮ በአንድ ማለዳ ከቆጥ ሳይወርድ ማስከተብ ከቀብር ሥነ ሥርዓት የሚከብድ ሥራ አይደለም። ዕድር የሙታን ጉዳይ ነውና የዶሮ ነገር አይመለከተውም የሚሉ ሽማግሌዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ እነዚሁ ማኅበራት ግን በኤች አይ ቪ ዘመን በአዲስ አበባ ለታመሙና ወላጅ ለሞተባቸው ሕፃናት ክንዳቸውን ሲዘረጉ ደንባቸውን ያፈረሱ አልመሰላቸውም። (ጡሩምባው ስለ ዶሮ ሲነፋ ሰው ደንግጦ ነጠላውን ዘቅዝቆ እንዳይወጣ ግን አስቀድሞ ማስታወቅ ያስፈልጋል።)

መንግሥት በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት የተባለውን መርሐ ግብር ከጀመረ ወዲህ 45 ቀን የሞላቸው የተሻሻሉ ጫጩቶች ለብዙ ቤተሰብ መድረሳቸው በጎ ነው። ነገር ግን እነዚህ ዶሮዎች ከሐበሻዋ እጅግ አብልጠው ቢጥሉም ብዙዎቹ መታቀፍን የተዉ ናቸው፤ ስለዚህ ፈንግል የፈጃቸው እንደ ሆነ ባለቤቷ ሌላ ለመግዛት ትገደዳለች እንጂ ከቤቷ አትተካቸውም። ክትባት ሳያስከትሉ ጫጩት ማደል፣ በእኔ ግምት፣ ደዌውን መመገብ ነው።

ስለ ማደሪያቸውም አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ሽልምጥማጥንና ሌባን በመፍራት ዶሮን ሰው በሚተኛበት ቤት ማሳደር የቆየ ልማዳችን ነው። ዴሪክ ሄዲና ካሌ ሂርቮነን የተባሉ ተመራማሪዎች ስለ ኢትዮጵያ ገጠር መርምረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 ባሳተሙት ጥናት፣ ዶሮ ያለው ቤት ልጆች በቁመት ዕድገታቸው ተሽለው ሲገኙ፣ ዶሮዎቹ ሌሊት ከሰው ጋር በአንድ ቤት የሚያድሩ ከሆነ ግን ይህ ብልጫ እንደሚጠፋ አሳይተዋል። እንቁላሉ የሰጠውን ኩሱ ይነሣል ማለት ነው፤ ሕፃን መሬት ላይ እየዳኸ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይከታልና። ከባሕር ዛፍ አጣና ከመሬት ከፍ ብሎ የተሠራ፣ ወለሉ ኩስ የሚያሳልፍ፣ በሩ በደንብ የሚዘጋ ትንሽ የዶሮ ቤት ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ ከሥሩ የሚጠረገውም ለጎመኑና ለቃሪያው ፍግ ይሆናል።

እናንተ የዕድር ዳኞችና ጸሐፊዎች ሆይ፣ በሚመጣው የወር ስብሰባችሁ ይህን ነገር ከአጀንዳው አግቡልን፤ ቀኑንም ከበዓላቱ ቀድሞ ቢያንስ ሁለት ሳምንት እንዲሆን አድርጋችሁ፣ በነሐሴ መባቻ ለእንቁጣጣሽ፣ በታኅሣሥ መባቻ ለልደት፣ በመጋቢት ለፋሲካና ለክረምቱ መግቢያ ቁረጡት። ለወረዳው የግብርና ጽሕፈት ቤት የሚላከውንም ደብዳቤ ከወዲሁ ጻፉ።