ላይክ ጀበና አይጥድም

ሰሞኑን ቲክቶክን ወይም ቴሌግራምን ከፈት ያደረገ የአዲስ አበባ ሰው ሁለት ዓይነት ነጋዴ ሳያይ አይዘጋም፤ ቤት ሻጭና ቡና ሻጭ። የቤት ሻጩን ጉዳይ ለሌላ ጊዜ እናቆየውና ስለ ቡና ሻጩ እንነጋገር። ጀበናው ይንተከተካል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ስኒው ረከቦት ላይ ተደርድሯል፣ ከጀርባ ክራር ይሰማል። ከሥሩም ‹‹ልዩ ጣዕም! ለዋጋ በውስጥ መስመር ያናግሩን›› የሚል ጽሑፍ አለ። ተመልካቹ ላይክ ያደርጋል፣ ምናልባትም ለጓደኛው ሼር ያደርጋል፤ ከዚያ ጣቱን ገፋ አድርጎ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ቡናውን ግን አልጠጣም።

ጥያቄዬ እዚህ ላይ ይጀምራል። ይህ ሁሉ ቪዲዮ ለትንሿ የቡና ነጋዴ ደንበኛ ያመጣላታል ወይስ ተመልካች ብቻ? (‹‹ቡና ቤት›› ብል ቢራው ስለሚቀድምብኝ፣ ‹‹የቡና ነጋዴ›› የምለው ጀበና የምትጥደዋን፣ አነስተኛ ካፌ የከፈተውንና ቡና ቆልቶ ፈጭቶ በፓኬት የሚሸጠውን ነው።) መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ማኅበራዊ ሚዲያ ደንበኛ ያመጣል፤ የሚያመጣው ግን ብዙዎች እንደሚያስቡት በማስታወቂያ ሰሌዳነቱ ሳይሆን በአድራሻነቱ ነው። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስል፤ በወሩ መጨረሻ ኪራይ መክፈል መቻልና አለመቻልን የሚወስን ነገር ነው።

ቡናው ተወደደ፣ ቦታው ተነሣ

ጉዳዩ ዛሬ ለምን አንገብጋቢ ሆነ? አንደኛው ምክንያት የጥሬ ቡና ዋጋ ነው። ኢትዮጵያ በ2016 በጀት ዓመት ቡና ልካ ያገኘችው 1.4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። በ2017 በጀት ዓመት ደግሞ ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አገኘች። የተላከው መጠንም፣ የዓለም ዋጋም ጨምሯል፤ በየካቲት 2017 ዓ.ም. በኒውዮርክ ገበያ አንድ ፓውንድ አረቢካ ቡና ከ4 ዶላር በላይ ደርሶ ነበር። በዚህ ላይ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ከእጥፍ በላይ ሆኗል።

የወጪ ንግዱ ገቢ ማደጉ ለአገር የምሥራች ነው። መርካቶ ወርዳ በኪሎ ለምትገዛው ነጋዴ ግን ከጀርመንና ከሳዑዲ ገዢ ጋር መሻማት ማለት ነው። ጥሬ ቡና ሲቆላ ከክብደቱ ከመቶ ከ15 እስከ 20 ያህሉን ስለሚያጣ፣ አንድ ኪሎ ገዝታ የምትሸጠው ከ800 እስከ 850 ግራም ብቻ ነው። ጠጪው በበኩሉ ደመወዙ እንደ ቡናው አልጨመረም፤ ስለዚህ ዋጋ እንዳሻት ልትጨምርበት አትችልም።

ሁለተኛው ምክንያት ቦታ ነው። ከ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ የኮሪደር ልማቱ ፒያሳን ጨምሮ የብዙ ሰፈሮችን መልክ ለውጧል። ልማቱን መደገፍም ሆነ መንቀፍ የዛሬ ርዕሴ አይደለም። አንድ ነገር ግን መታየት አለበት። ከቦታው የተነሣ ነጋዴ ዕቃውን ጭኖ ሊሄድ ይችላል፤ ደንበኛውን ግን ጭኖ አይሄድም። በአሥር ሰዓት ከቢሮ ወርዶ የሚጠጣው፣ ወር ሲደርስ ዱቤውን የሚዘጋው፣ ያለ ስኳር እንደሚወድ ሳይናገር የሚታወቅለት ሰው በየትኛውም የካሳ ቅጽ ላይ አልተመዘገበም። ምትክ ቦታ ቦታን ይተካል፣ ደንበኛን አይተካም።

‹‹ፊት ለፊት›› ያልነው ሕንፃ

እኛ አዲስ አበቤዎች ቦታ የምንጠቁመው በመንገድ ስምና በቤት ቁጥር አይደለም። ‹‹ከፋርማሲው ፊት ለፊት፣ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊው በር›› እንላለን። ዛሬ ፋርማሲው ተነሥቷል፣ ዳቦ ቤቱ ፈርሷል፣ ሰማያዊው በርም ግራጫ ተቀብቷል። እንዲህ ባለ ከተማ ውስጥ የቡና ነጋዴዋ ከማኅበራዊ ሚዲያ የምታገኘው ትልቁ ጥቅም ‹‹አለሁ፤ ያለሁትም እዚህ ነው›› ማለት መቻሏ ነው።

ይህን ቀላል የሚመስል ነገር ብዙዎቹ ገጾች ሲስቱት አያለሁ። ሃያ ቪዲዮ ያለው ገጽ ላይ ሰፈሩን፣ የሚከፈትበትን ሰዓት፣ ስልክ ቁጥሩን ፈልጎ ማጣት የተለመደ ነው። በካርታ ላይ የቦታውን ምልክት ማስቀመጥ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ደንበኛው ግን ‹‹የት ነበር?›› ብሎ ተስፋ ከመቁረጥ ይድናል።

ዋጋን በውስጥ መስመር የመደበቅ ልማድማ ጭራሽ አይገባኝም። ነጋዴዎቹን ስጠይቅ ሁለት ምክንያት ይሰጡኛል፤ ተፎካካሪ እንዳያይና ግብር ሰብሳቢ እንዳያይ። ተፎካካሪው ሃምሳ ሜትር ርቀት ላይ ተቀምጦ ዋጋውን ከደንበኛው አፍ ይሰማል። ግብር ሰብሳቢውም ቢሆን አድራሻ ለማወቅ ቲክቶክ አያስፈልገውም። የሚሸሸው ገዢው ብቻ ነው፤ ዋጋ ያልተጻፈበትን ነገር ‹‹ውድ ነው›› ብሎ ያልፈዋልና። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ዋጋውን በንግድ ቤቱ ለእይታ ግልጽ አድርጎ እንዲለጥፍ ግዴታ ይጥላል። በግድግዳ ላይ መለጠፍ ያለበት ዋጋ በስልክ ላይ ምሥጢር የሚሆንበት ምክንያት የለም።

ስሌቱን እንሥራው

‹‹ቡስት›› ስለሚባለው፣ በክፍያ ተመልካች ስለማብዛት እናውራ። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ በሚሠራ ካርድ ስለሆነ ብዙ ትንንሽ ነጋዴዎች በብር ተቀብሎ የሚከፍልላቸው ሰው ይፈልጋሉ፤ እሱም የራሱን ትርፍ ይጨምርበታል። ለምሳሌ ያህል ነጋዴዋ ለዚህ 3 ሺሕ ብር አወጣች እንበል። ከአንድ ስኒ የሚተርፋትን 10 ብር ብናደርገው፣ ወጪዋን ለመመለስ ብቻ 300 ስኒ መሸጥ አለባት። ማስታወቂያውን አይተው 100 ሰዎች መጥተው አንዳንድ ስኒ ጠጥተው ቢሄዱ 2 ሺሕ ብር ከስራለች። በአንጻሩ 15 ሰዎች ብቻ መጥተው፣ ወደውት፣ በወር 22 የሥራ ቀን ቢመላለሱ 330 ስኒ ይሆናል፤ በአንድ ወር ውስጥ ወጪዋን መልሳለች። ከመቶ አላፊ አግዳሚ አሥራ አምስት ተመላላሽ ይሻላል ማለት ነው።

ስለዚህ ማን እንዳየው መጠየቅ ያስፈልጋል። ሜሪላንድ ያለ ወገናችን በናፍቆት የሰጠው ላይክ ሳር ቤት ያለውን በርጩማ አይሞላም። (በርግጥ አዲስ አበባ ላሉ እናቱ የተቆላ ቡና እንዲደርስላቸው ሊያዝ ይችላል፤ ለፓኬት ሻጩ ይህ ጥሩ ገበያ ነው።) ጀበና ለምትጥደው ነጋዴ ግን ደንበኛዋ በእግሩ ከአሥር ደቂቃ የማይርቅ ሰው ነው። ለዚህ ሰው የአካባቢው የቴሌግራም ግሩፕ፣ የኮንዶሚኒየሙ የነዋሪዎች ግሩፕ፣ ከጎን ያለው ቢሮ የሠራተኞች ግሩፕ ከሚሊዮን ተመልካች ይልቅ ቅርብ ነው።

ተመልካች መብዛቱ ራሱ ጣጣ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ገርጂ አካባቢ የማውቃት አንዲት ጀበና ቡና የምታፈላ ሴት ባለብዙ ተከታይ የሆነ ወጣት ቪዲዮ ሠራላት። በማግሥቱ ሰው ተሰለፈ። ስምንት በርጩማና ሁለት ጀበና ይዛ ሰልፍ ማስተናገድ አልቻለችም፤ ቡናው ሳይሰክን ተቀዳ፣ ስኒው በቅጡ ሳይታጠብ ዞረ። የዘወትር ደንበኞቿ መቀመጫ አጥተው ወደ ጎረቤት ሄዱ። በሳምንቱ ሰልፈኛው ሌላ አዲስ ቦታ ተነግሮት ሲሄድ፣ የዘወትሮቹን መልሶ ማምጣት ሌላ ሥራ ሆነባት። በቡናዋ ላይ አንድም እንከን አልነበረም፤ ጥሪው ከአቅሟ በላይ ነበር።

ስምና እምነት

ሌላው ጉዳይ ‹‹ይርጋጨፌ›› እና ‹‹ኤክስፖርት ስታንዳርድ›› የሚሉት ቃላት በየገጹ እንደ ጨው መበተናቸው ነው። ኢትዮጵያ ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስከበር ከስታርባክስ ጋር የገጠመችው ክርክር በ1999 ዓ.ም. በስምምነት መቋጨቱን እናስታውሳለን። አገር ለስሙ ያን ያህል የተሟገተችለትን ቡና፣ ከየት እንደመጣ ባልታወቀ ፓኬት ላይ መለጠፍ በራስ ላይ ማሾፍ ነው። ለውጭ ገበያ የተዘጋጀ ቡናን በአገር ውስጥ መሸጥም በሕግ ቁጥጥር የሚደረግበት ስለሆነ፣ ‹‹ኤክስፖርት›› ብሎ የሚለጥፍ ሰው ወይ እውነቱን አልተናገረም ወይ በራሱ ላይ እየመሰከረ ነው።

ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት የተፈጨ ቡና ወሬ ደጋግሞ የሰማ የአዲስ አበባ ሸማች የሚፈልገው ቅጽል ሳይሆን ማረጋገጫ ነው። ቡናው ከየት ወረዳ እንደመጣ፣ መቼ እንደተቆላ፣ መቼ እንደተፈጨ የሚናገር ሦስት መስመር ‹‹ልዩ ጣዕም›› ከሚለው ይበልጣል። የተቆላ ቡና መዓዛው በሳምንታት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ከተፈጨ ደግሞ ይፈጥናል። ‹‹ዛሬ ጠዋት የተቆላ፣ ደንበኛው እያየ የሚፈጭ›› የሚል አጭር ቪዲዮ የቡና ነጋዴ ሊያነሣው የሚችለው ምርጡ ቪዲዮ ይመስለኛል። ትልልቆቹ ድርጅቶች የማይችሉትን እሷ ትችላለችና።

የሰው ግቢ ውስጥ የተተከለ ድንኳን

እስካሁን ያልኩት ሁሉ አንድ ትልቅ ‹‹ነገር ግን›› አለበት። ማኅበራዊ ሚዲያ የነጋዴዋ ንብረት አይደለም። ፌስቡክና ቲክቶክ ዛሬ ለማን እንደሚያሳዩላት የሚወስኑት እነሱ ናቸው። በዚህ ረገድ የቴሌግራም ቻናል ይሻላል፤ የላከችው መልእክት ለተመዘገበው ሁሉ ይደርሳል። ይሁንና እሱም ቢሆን መዘጋቱ አይቀርም። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት ተቋርጦ ለሦስት ሳምንታት ያህል ቆይቷል። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ደግሞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘግተው የተከፈቱት ከአምስት ወር ገደማ በኋላ በሐምሌ ነው። በቪፒኤን የገባ ገባ፤ በገጿ ብቻ ደንበኛ የምትጠራው ነጋዴ ግን የአምስት ወር ኪራይ ከኪሷ ከፈለች።

መንግሥት ‹‹ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025›› የተባለውን ስትራቴጂ ያጸደቀው በዚያው በ2012 ዓ.ም. ነበር። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህም ጀበና አጠገብ የክፍያ ቁጥር ተለጥፎ ማየት ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። ይህ መልካም ነው። ሆኖም ነጋዴውን ‹‹ወደ ዲጂታል ግባ›› ብሎ ጋብዞ በሩን በማንኛውም ሰዓት መዝጋት አብረው አይሄዱም። ኢንተርኔት ሲዘጋ የሚቆጠረው የፖለቲከኛው ንግግር ብቻ መሆን የለበትም፤ ያልተሸጠው ስኒም ሊቆጠር ይገባል። የንግድ ማኅበራትና የከተማው የሥራ ዕድል ፈጠራ ሰዎች ይህን ጥያቄ ሲያነሡ አለመስማቴ ይገርመኛል።

ለነጋዴዋ ደግሞ መፍትሔው አሮጌ ደብተር ነው። የደንበኞቿን ስልክ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቃ፣ ትመዝግብ። (ፈቃድ መጠየቁ ጨዋነት ብቻ አይደለም፤ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ አለ።) ቦታ ስትቀይር፣ ዋጋ ስትለውጥ፣ ኢንተርኔት ሲጠፋ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ልታገኛቸው ትችላለች። ሁለት መቶ ስልክ ቁጥር የያዘ ደብተር ሃያ ሺሕ ተከታይ ካለው ገጽ ይልቅ የእሷ ነው።

ጎረቤት ለጎረቤት ‹‹ቡና ጠጡ›› እያለ ሲጠራራ የኖረ ሕዝብ ሰው መጥራት አይቸግረውም። ጥሪው አሁን በስልክ መጣ እንጂ ሥራው ያው ነው፤ የት እንደሆነ መናገር፣ ስንት እንደሆነ መናገር፣ ያሉትን ማቅረብ። አቦሉን ቲክቶክ ሊያስጠጣ ይችላል። ቶናና በረካ ድረስ የሚያስቀምጠው ግን ቡናው ራሱ ነው።