ሐዘናችሁን አስረዱ ላላችሁን

ለአረንጓዴ የአየር ንብረት ፈንድ የቦርድ አባላት፣ ለኪሳራና ጉዳት ፈንድ ቦርድ፣ እንዲሁም ቃል ገብተው ለዘገዩና ለካዱ አገራት የገንዘብ ሚኒስትሮች፤

ክቡራንና ክቡራት፣

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2017 ደቡብ ኮሪያ፣ ሶንግዶ ላይ ተሰብስባችሁ ከኢትዮጵያ የመጣ አንድ ሰነድ መለሳችሁ። ሰነዱ የሚጠይቀው ድርቅ ለሚደጋግማቸው ወረዳዎች ውኃ እንዲወጣ፣ በፀሐይ ኃይል የሚሠሩ ፓምፖች እንዲተከሉ፣ በውኃው ዙሪያ የተራቆተው መሬት እንዲያገግም ነበር። ከመካከላችሁ የተቃወሙት ይህ የልማት ሥራ እንጂ ከአየር ንብረት ለውጥ ጋር መላመድ አይደለም አሉ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ 5.6 ሚሊዮን ኢትዮጵያዊ የዕለት ደራሽ ምግብ እንደሚያስፈልገው በይፋ ተነግሮ ነበር። እናንተ ስትከራከሩ በሶማሌ ክልልና በቦረና ከብት እየወደቀ ነበር።

ከስድስት ወር በኋላ ተስተካክሎ የቀረበውን አጸደቃችሁ። 45 ሚሊዮን ዶላር፣ ያውም በብድር ሳይሆን በእርዳታ። ስለ ሰጣችሁት አመሰግናለሁ፤ ምስጋና ማስቀረት ነውር ነው። ያ ልማት ነው የሚለው ክርክራችሁ ግን እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣም።

እኔ የቦረና ልጅ ነኝ። በእኛ አገር ቱላ የሚባሉ ጥልቅ የውኃ ጉድጓዶች አሉ። ወንዶች ከሥር እስከ አፍ ድረስ ተደርድረው፣ በዜማ እየተቀባበሉ፣ ውኃውን በባልዲ ወደ ላይ ያወጡና ከብት ያጠጣሉ። ዝናብ ሲቀር ውኃው ይሸሻል፤ ሰልፉ ይረዝማል፤ ከሩቅ የሚመጣው መንጋም ይበዛል። አንድ ሰው እዚያ ሰልፍ መካከል ቆሞ የትኛው ባልዲ የልማት፣ የትኛው የአየር ንብረት እንደሆነ ለይታችሁ አሳዩኝ ቢል ምን እንደሚመልሱለት ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። ጨዋ ሰዎች ናቸውና መጀመሪያ ውኃ ያጠጡት ነበር።

ጉዳቱ ከአየር ንብረት ለውጥ የመጣ መሆኑን አስረዱ ብላችሁ ማስረጃ የጠየቃችሁት ለክፋት ነው አልልም። ሀብታም አገር ከሕዝቡ ግብር ለሚያወጣው ገንዘብ ምክንያት መጠየቁ ያለ ነው። የምትፈልጉት ማስረጃ ግን የብዙ ዓመት የዝናብና የሙቀት መዝገብ ነው፤ የሜትሮሎጂ ጣቢያ እንደ ልብ በማይገኝበት ቆላ ያን መዝገብ ማን ይዞ ይቆያችሁ? ድሃ የሆነውን ሰው ድህነቱ ራሱ ማስረጃ አሳጣው፤ ማስረጃ ስለሌለውም ድሃ ሆኖ ይቀራል።

ከዚያ የባሰው መጣ። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከዱን። አጭሩ ዝናብ ሐጋያ ቀረ፣ ረጅሙ ዝናብ ጋና ቀረ፣ ደግሞ ሐጋያ ቀረ። በኢትዮጵያ፣ በኬንያና በሶማሊያ በሚሊዮን የሚቆጠር ከብት አለቀ። በ2023 ወርልድ ዌዘር አትሪቢዩሽን የተባለው የሳይንቲስቶች ስብስብ መረመረና ሰው ያመጣው የአየር ንብረት ለውጥ እንዲህ ያለውን ድርቅ የመከሰት ዕድሉን ቢያንስ መቶ እጥፍ እንዳሳደገው አስታወቀ። ስትጠይቁ የኖራችሁት ማስረጃ ይኸው ተገኘ። የተገኘው ከብቱ ካለቀ በኋላ ነው።

የእናንተን አሠራር ባሰብሁ ቁጥር ከጎኑ የማስቀምጠው አንድ የአባቶቻችን ሥርዓት አለ፤ ቡሳ ጎኖፋ ይባላል። ከብቱ ያለቀበት ሰው ለጎሳው ያመለክታል፤ ጎሳው ተሰብስቦ ይመክራል፤ ካለው ላይ ከብት አዋጥቶ ሰውየውን መልሶ ያቆመዋል። ጎሳውም ዝም ብሎ አይሰጥም፤ ሰውየው አባክኖ ነው ወይስ ተጎድቶ ነው ብሎ ያጣራል። ማጣራቱ ግን ሰውየው በሕይወት እያለ ያልቃል። የተሰጠው ላም ወለድ አይታሰብበትም። ወስዶ ያልመለሰ ተብሎም በሸንጎ ስሙ አይነሳም፤ ነገ ሌላው ሲቸገር እሱም ያዋጣል፤ በቃ።

ይህ ሥርዓት የሚሠራው ግን የአንዱ ሲያልቅ የሌላው ሲተርፍ ነው። አጎቴ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ በዕድሜው ለስንት ቤት ከብት እንዳዋጣ ቆጥሮ አያውቅም ነበር። በእኛ አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም. የራሱ መንጋ ሲያልቅ ጎሳው አልጠፋም፤ ተሰበሰበ። ሰጪ ግን የለም። ሁሉም እንደ እሱ ባዶ እጁን ነበር የመጣው። አጎቴ ዱብሉቅ አቅራቢያ መጠለያ ገብቶ ስንዴ ለመቀበል ተሰለፈ። ሲሰጥ የኖረ ሰው እጁን መዘርጋት አይችልበትም፤ ተራው ሲደርስ ወደ ኋላ እየተመለሰ ልጆቹን አስቸገረ። በዓመቱ ሞተ። ሽማግሌዎቹ ከብቱን ተከትሎ ሄደ አሉ፤ ከዚህ የተሻለ ምክንያት የጻፈለት ሐኪም የለም። ሞቱን በእናንተ ስብሰባ ላይ አልለጥፍም። ነገሩ እንዲያ ቀላል ቢሆን ኖሮ ደብዳቤዬም አጭር ይሆን ነበር። አንድ ነገር ግን እንድታዩልኝ እለምናለሁ፦ ጎሳው በሙሉ በአንድ ጊዜ ሲጎዳ የሚደርስለት ከጎሳው ውጭ ያለ ካዝና ብቻ ነው። ያ ካዝና በእናንተ እጅ ነው፤ ድርቁን ያባባሰው ጭስም የወጣው ከእኛ ምድጃ አይደለም። መላው አፍሪካ ከዓለም ልቀት ያለው ድርሻ ከአራት በመቶ ያነሰ መሆኑን ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ።

ካዝናው እንዴት እንደተሞላ ደግሞ እናንሳ። በ2009 ኮፐንሃገን ላይ የአፍሪካ ቃል አቀባይ መለስ ዜናዊ ነበሩ፤ በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር፣ እስከ 2020 ድረስ የተባለው ያን ጊዜ ነው። የበለጸጉት አገራት ራሳቸው በሚቆጥሩት ቆጠራ ቃሉ የሞላው በ2022 ነው፤ ሁለት ዓመት ዘግይቶ። ከመንግሥታት በኩል ከወጣውም ከሁለት ሦስተኛ በላዩ ብድር ነው። ኢትዮጵያ በዲሴምበር 2023 የ33 ሚሊዮን ዶላር የቦንድ ወለድ መክፈል አቅቷት ስሟ ዕዳ ካልከፈሉት ጋር ተጻፈ። ሌላው ባቆሸሸው ሰማይ ለደረቀ መስክ ተበድረሽ ውኃ አውጪ ማለት በየትኛው ሸንጎ ፍርድ ይባላል? በ2024 ባኩ ላይ ደግሞ እስከ 2035 በዓመት 300 ቢሊዮን ዶላር እናደርሳለን አላችሁ። ከጥቂት ወራት በኋላ አሜሪካ ለአረንጓዴ ፈንዱ ቃል ገብታ የነበረውን 4 ቢሊዮን ዶላር ሰረዘች፤ ከኪሳራና ጉዳት ፈንድ ቦርድም ወጣች። ያን ያደረጉት ሰዎች ይህን ደብዳቤ እንደማያነቡ አውቃለሁ፤ የምጽፈው ለቀራችሁት ነው።

የኪሳራና ጉዳት ፈንድ ሲመሠረት ደስ ብሎኝ ነበር። ሻርም ኤል ሼክ ላይ ተወሰነ፣ ዱባይ ላይ ሥራ ጀመረ ተባለ፣ በ2025 ቤሌም ላይ የመጀመሪያውን ጥሪ አወጣ፦ 250 ሚሊዮን ዶላር፣ ለታዳጊ አገራት ሁሉ፣ ለአንድ ጥያቄ ከ5 እስከ 20 ሚሊዮን። የአንድ ዞን ጉዳት እንኳ ለአንድ ጥያቄ ከተመደበው እንደሚበልጥ ስለምታውቁ አልከራከርበትም።

ስለ ፍጥነት ግን እከራከራለሁ። አረንጓዴ ፈንዱ ሰነድ የሚመረምርበትን ጊዜ ከ24 ወር ወደ 9 ወር ለማውረድ ማሰቡን አስታውቋል። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ያሰበችውን ኃላፊም አከብራለሁ። ግን በቦረና አቆጣጠር አስቡት። ከማርች እስከ ኖቬምበር ልክ 9 ወር ነው፤ በዚያ ውስጥ ጋናም ሐጋያም ይገባሉ። ፈጠነ የምትሉት ምርመራ ሁለት ዝናብ ያህል ይቆያል፤ የድሮው አራት። እኛን የጨረሰን አምስት ነው። ከምርመራው በኋላ ደግሞ ውል አለ፣ ጨረታ አለ፣ የመጀመሪያው ክፍያ አለ።

የራሴን ቤት ገበና አልሸፍንም። የእኛው ገንዘብ ሚኒስቴር ከእናንተ በቀጥታ ገንዘብ ለመቀበል ዕውቅና ካገኙት ጥቂት የአፍሪካ ተቋማት አንዱ ነው፤ ሌላው አገር ብዙውን ገንዘብ የሚያገኘው በዓለም አቀፍ ድርጅቶች በኩል ዞሮ፣ የአስተዳደር ወጪ ተቀንሶለት ነው። ይህን ዕድል የያዙ ሹሞቻችን ስንት ገንዘብ የት ወረዳ እንደደረሰ ሕዝቡ በሚገባው ቋንቋ ሊነግሩት ይገባል። ፓምፕ ተተክሎ መለዋወጫ ሲጠፋ የሚጠየቅ ሰው መኖር አለበት። ለእነሱ የምጽፈው ደብዳቤ ሌላ ነው፤ ከዚህኛውም ይረዝማል።

ክቡራንና ክቡራት፣ በ2027 የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ይካሄዳል። በሰላም ኑልን። ቡና ይፈላላችኋል፤ ንግግር ይደረጋል፤ ፎቶግራፍ ትነሣላችሁ። ለእንግዳ ክፉ መናገር አልለመድንም፤ ስለዚህ የምለውን አስቀድሜ ልበል። ስትመጡ አንድ ሰነድ ይዛችሁ ኑ። ከድሃ አገራት የቀረበላችሁ እያንዳንዱ ጥያቄ የገባበት ቀን፣ የተመለሰበት ቀን፣ የተመለሰበት ምክንያት፣ የጸደቀው ገንዘብ ወረዳ የደረሰበት ቀን፣ ከውስጡም ምን ያህሉ እርዳታ፣ ምን ያህሉ ብድር እንደሆነ ይጻፍበት። ድርቅ በታወጀበት አካባቢ የውኃ ጥያቄ ሲቀርብ ልማት ነው ወይስ አየር ንብረት ነው የሚለውን ክርክር ማንሣት እንደተዋችሁም በቦርድ ውሳኔ አስፍሩ። ሰነዱ በአዳራሹ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ይነበብ። ከቦረናዋ ያቤሎም ሰዎች ይምጡና ይስሙት፤ ጥያቄ ካላቸውም ይጠይቋችሁ።

ከአክብሮትና ከሐዘን ጋር፣
አንድ የቦረና ልጅ፣ ከአዲስ አበባ