የኢራቅን ጦር ሥልጠና ያድነዋል?

ያድነዋል የሚለው ጸሐፊ

የኢራቅ ከተማ ሞሱል እ.ኤ.አ. በሰኔ 2014 በአይኤስ ታጣቂዎች እጅ ስትወድቅ፣ አሜሪካ 25 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ያፈሰሰችበት ጦር መሣሪያውን ጥሎ ሸሸ። ከዚያ ወዲህ «ሥልጠና ከንቱ ነው» ማለት ፋሽን ሆነ። አሠልጣኞቹ በ2011 መጨረሻ ከወጡ በኋላ ልምምዱ ላልቶ፣ ሹመቱ በገንዘብ ይሸጥ እንደነበር ግን የሚያነሳው ጥቂት ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ሃይደር አል-አባዲ በ2014 መጨረሻ 50,000 ሰዎች በደመወዝ መዝገብ እንጂ በጦር ሰፈር እንደሌሉ ይፋ አደረጉ። ወታደሩ ደመወዙን ለአለቃው አካፍሎ ቤቱ ይተኛ ነበር። ይህ ተራ ሌብነት ነው፤ ሱኒ ሺዓ አይልም።

የኢራቅን የፀረ ሽብር ኃይል ደግሞ ይመልከቱ። ሺዓውን፣ ሱኒውንና ኩርዱን አጣርቶ መለመለ፤ አብሮ አሠለጠነ። ከጥቅምት 2016 እስከ ሐምሌ 2017 ሞሱልን ለማስመለስ በተደረገው ውጊያ ከፊት ሆኖ የሞተው እሱ ነው።

አያድነውም የሚለው ጸሐፊ

ሌብነቱን አልክድም። ሌባውን የሾመው ማን ነበር? ከአል-አባዲ በፊት የነበሩት ጠቅላይ ሚኒስትር ኑሪ አል-ማሊኪ አዛዦችን ከጽሕፈት ቤታቸው በቀጥታ ያዝዙ ነበር፤ መመዘኛውም ታማኝነት ነበር።

እስቲ ኬላ ላይ እንቁም። በ2006 ባግዳድ ውስጥ መታወቂያ ላይ «ዑመር» የሚል የሱኒ ስም መገኘቱ ብቻ ያስገድል ነበር። ብዙዎች በሌላ ስም ሐሰተኛ መታወቂያ አውጥተዋል። ሞሱል ላይ ደግሞ የመንግሥት ወታደር መኪናው ላይ የሺዓ ሰንደቅ ሰቅሎ ሱኒውን መታወቂያ ይጠይቅ ነበር። ያ ሰው ለዚህ ወታደር «ጎረቤቴ ቦምብ ደብቋል» ብሎ ይጠቁማል? ጥቆማ ያጣ ጦር ደግሞ የቱንም ያህል ኢላማ ቢመታ ዕውር ነው።

ነገሩ የተበላሸው አሜሪካ ኢራቅን እንዲያስተዳድሩ የሾመቻቸው ፖል ብሬመር በግንቦት 2003 የቀድሞውን ጦር ሲበትኑ ነው። ዓመት ሳይሞላ፣ በሚያዝያ 2004፣ ከአዲሱ ጦር አንድ ሻለቃ ወደ ፋሉጃ ዝመት ቢባል ኢራቃዊ አልወጋም አለ። ለዚህ ምን ዓይነት ልምምድ ያዙለታል?

ያድነዋል የሚለው ጸሐፊ

ብሬመርን ለመከላከል አልተነሳሁም። ግን ጄኔራል አብዱልወሃብ አል-ሳዲን ምን ሊሏቸው ነው? የፀረ ሽብር ኃይሉ አዛዥ የነበሩ፣ ሺዓ ናቸው፤ ሞሱል ደግሞ ባመዛኙ የሱኒ ከተማ ናት። ሞሱል ውስጥ ሐውልት የቆመላቸው በሃይማኖታቸው አይደለም። ወታደሮቻቸው እንዴት እንደተዋጉ፣ ሰላማዊውን ሰው እንዴት እንደያዙ ከተማው አይቷል። ይህ ጠባይ ከሥልጠና ካልመጣ ከየት መጣ?

አያድነውም የሚለው ጸሐፊ

ሐውልቱ ሳይመረቅ እንደተነሳ ረሱት? በመስከረም 2019 ጄኔራሉም ከኃይሉ ተነስተው መከላከያ ሚኒስቴር ቢሮ ተሰጣቸው፤ ወዲያው አደባባይ የወጣው ወጣት ፎቷቸውን ይዞ ነበር። በ2020 ሙስጠፋ አል-ካዚሚ የጠቅላይ ሚኒስትርነት ሥልጣን ሲይዙ መለሷቸው፤ አዎ። ያነሳቸውም የመለሳቸውም የጠቅላይ ሚኒስትር ፊርማ ነው። በመሐል የተለወጠ የሥልጠና መርሐ ግብር የለም።