ልጁን ማን ያሳድገዋል?

በጁላይ 2025 የዋሽንግተን ናሽናልስ ደጋፊዎች በሦስት ወጣቶች ስም ተከፋፍለው ሲሟገቱ ሰነበቱ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ክለቡ በዓመታዊው የቤዝቦል ተጫዋቾች ምርጫ፣ ድራፍት በሚባለው፣ የመጀመሪያውን ተራ አግኝቶ ነበር። አንዱ ወገን ከሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ የወጣው ግራኝ ኳስ ወርዋሪ ኬድ አንደርሰን ይሁን አለ። ሌላው የቀድሞው ኮከብ የማት ሆሊዴይ ልጅ፣ ኢታን ሆሊዴይ እንዳያመልጠን አለ። ሦስተኛው የ17 ዓመቱን የኦክላሆማ ልጅ ኢላይ ዊሊትስን ደገፈ። ክለቡ ዊሊትስን መረጠ። ሙግቱ ግን አላበቃም፤ «ተሳስተዋል፣ አልተሳሳቱም» ወደሚል ዞረ።

ከምርጫው አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ክለቡ ከ2009 ጀምሮ የመራውን ዋና ሥራ አስኪያጅ ማይክ ሪዞን እና አሠልጣኙን ዴቭ ማርቲኔዝን በአንድ ቀን አሰናብቶ ነበር። ልጁን የመረጠው በተጠባባቂነት የተቀመጠ ኃላፊ ነው። ዊሊትስ በሚያድግባቸው ዓመታት በላዩ ላይ የሚሾሙት ሰዎች እነማን እንደሚሆኑ፣ በምን ዘዴ እንደሚያሠለጥኑት፣ ጉዳት ሲደርስበት ምን እንደሚያደርጉለት በዚያች ቀን አልተወሰነም ነበር። የዚያ ሳምንት ትልቁ ጥያቄ ይህ ነበር ብዬ አምናለሁ። ከሦስቱ ስሞች ሙግት አጠገብ ግን ቦታ አላገኘም።

ደጋፊዎች በየዓመቱ «ማን ይመረጥ?» እያሉ የሚያካሂዱት ክርክር ጉዳት ያለው ልማድ ሆኗል። ደጋፊው ሊያውቀው በማይችለው ነገር ይምላል፤ ሊያውቀው የሚገባውን፣ ለመጠየቅም ሙሉ መብት ያለውን ነገር ይተወዋል። ከዚህም በላይ ሳያስበው በክለብ ባለቤቶች አንደበት መናገር ለምዷል።

ሊታወቅ ከማይችለው ልጀምር። በ1966 ኒውዮርክ ሜትስ በመጀመሪያው ተራ ስቲቭ ቺልኮት የተባለ ኳስ ተቀባይ መረጠ። ሁለተኛው ተራ የካንሳስ ሲቲ አትሌቲክስ ነበርና ሬጂ ጃክሰንን ወሰደ። ቺልኮት በዋናው ሊግ አንድም ጨዋታ ሳይጫወት ቀረ፤ ጃክሰን 563 ሆም ረን መትቶ ስሙ የዝነኞች መዝገብ ውስጥ ገባ። በ2009 ማይክ ትራውት እስከ 25ኛው ተራ ድረስ ጠሪ አላገኘም። የጠራው ኤንጅልስ እንኳ 24ኛውንም ተራ ይዞ ነበር፤ በዚያኛው ተራ ያስቀደመው ራንዳል ግሪቸክን ነው። ትራውት ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ የአሜሪካን ሊግ ኮከብ ተጫዋች ሆኖ ተመረጠ። 703 ሆም ረን የመታው አልበርት ፑሆልስ በ1999 የተመረጠው 402ኛ ሆኖ ነው። እነዚህን ልጆች ያለፏቸው ሰዎች መተዳደሪያቸው ምልመላ የሆነ፣ ከትምህርት ቤት ሜዳ ወደ ትምህርት ቤት ሜዳ ሲዞሩ የኖሩ ባለሙያዎች ናቸው። እነሱ ማየት ያልቻሉትን በሁለት ደቂቃ ቪዲዮ አየሁ ብሎ የሚምል ደጋፊ ራሱንም ሌላውንም ያታልላል።

ከዚህ ታሪክ ብዙዎች የሚወስዱት ትምህርት ምርጫ ዕጣ ነው የሚል ነው። ነገሩ በዚህ ብቻ አያልቅም። ታሪክ ሸክቡል በ2018 በዘጠነኛው ዙር ሲመረጥ ክንዱ ቀዶ ሕክምና ያየ ወርዋሪ ነበር። ዲትሮይት ታይገርስ አሠለጠነው፣ ታገሠው፤ በ2024 እና በ2025 የሊጉ ምርጥ ወርዋሪ ሆኖ የሳይ ያንግን ሽልማት ወሰደ። ሙኪ ቤትስ በ2011 በአምስተኛው ዙር ወደ ቦስተን የሄደ ቀጭን የውስጥ ሜዳ ተጫዋች ነበር። ክለቡ ቦታውን ቀይሮ ወደ ውጭው ሜዳ አወጣው፤ በ2018 የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ሆነ። እነዚህ ሰዎች የምርጫው ቀን ውጤት ብቻ አይደሉም። የራሳቸው ትጋት፣ የአሠልጣኞች ዕውቀት፣ የሐኪሞች ጥንቃቄ እና የክለብ ትዕግሥት ባንድ ላይ ሠርቷቸዋል። ምርጫው የአንድ ምሽት ጉዳይ ነው፤ ማሳደጉ ዓመታት ይፈጃል። ደጋፊው ግን ድምፁን ሁሉ ለዚያች አንድ ምሽት ይሰጣታል።

ትክክለኛው ልጅ ቢመረጥስ? ፒትስበርግ ፓይረትስን እንይ። በ2023 ደጋፊዎቹ በሁለት የሉዊዚያና ስቴት ጓደኛሞች፣ በወርዋሪው በፖል ስኪንስ እና በመቺው በዲላን ክሩስ መካከል ሲከራከሩ ከረሙ። ክለቡ ስኪንስን ወሰደ፤ ክሩስ በሁለተኛው ተራ ወደ ዋሽንግተን መጣ። ስኪንስ በ2024 የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ሆነ፤ በ2025 ደግሞ የሳይ ያንግን ሽልማት አሸነፈ። ከዚህ የተሻለ ምርጫ ማሰብ ያስቸግራል። ሆኖም ፓይረትስ በዚያው በ2025 ከ162 ጨዋታ 91ዱን ተሸንፎ ከምድቡ መጨረሻ ተቀመጠ። ስኪንስ ራሱ ተጋጣሚን እንደዚያ እያስጨነቀ አሥር አሸንፎ አሥር ተሸነፈ፤ የሚመታለት አልነበረምና። በዚያው ዓመት የሜዳው የመጀመሪያ ጨዋታ ላይ ታዳሚው ባለቤቱ ክለቡን እንዲሸጥ በኅብረት ጮኸ። ያ ጩኸት ስለ ስኪንስ እና ስለ ክሩስ ከተነገረው ሁሉ ይልቅ ወደ እውነቱ የቀረበ ነበር። ደጋፊው ችግሩ ያለበትን ቦታ በስም ጠራ።

አሁን ወደ አንደበቱ ልምጣ። መልማዮች የአንድን ወጣት ሩጫ፣ ክንድ፣ ምት ከ20 እስከ 80 በሚደርስ ነጥብ ይመዝናሉ። ለሥራቸው ያስፈልጋቸው ይሆናል። ደጋፊው ግን ይህን ቋንቋ ተውሶ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ስለሆነ ልጅ ሲናገር፣ በገበያ ቀን የበሬ ጥርስ ገልጦ እንደሚያይ ገዢ ይሆናል፦ ወገቡ ጠባብ ነው፣ ክንዱ አይበረክትም፣ ዕድሜው አልፏል። ልጁ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚፈልግ፣ ቤተሰቡን ጥሎ ወዴት እንደሚሄድ አይነሳም። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «በስንት ይፈርማል?» የሚል ነው። ለመጀመሪያው ተራ ሊጉ በ2025 ያስቀመጠው ግምት ከ11 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር፤ ዊሊትስ በ8.2 ሚሊዮን ፈረመ። ብዙዎች ይህን እንደ ክለቡ ብልሃት አመሰገኑት። የተረፈው ገንዘብ ከኋላ ለሚመረጡት ይውላል የሚለው መልስ እውነት ነው። ነገር ግን የጠቅላላውን ገንዘብ ጣሪያ ያኖረው ማን ነው? ከ2012 ጀምሮ እያንዳንዱ ክለብ ለፊርማ የሚያወጣው ገንዘብ ተገድቧል፤ ከገደቡ ብዙ ያለፈ ክለብ የወደፊት የምርጫ ተራውን ያጣል። በዚህ ምክንያት አንድ ወጣት የተሻለ የሚከፈለው ሌላው ወጣት ሲያንስበት ነው፤ ባለቤቱ ከኪሱ የሚጨምረው የለም። ደጋፊው ለዚህ ሲያጨበጭብ ለክለቡ የቆመ ይመስለዋል፤ የቆመው ግን ለባለቤቱ ሒሳብ ነው።

የምርጫው ሥርዓት አመጣጥም ይህንኑ ያሳያል። በ1964 ሪክ ሪካርት የተባለ የኮሌጅ ተጫዋች ክለቦች ሲሻሙበት ወደ 200 ሺህ ዶላር ተከፍሎት ለኤንጅልስ ፈረመ። ለዚያ ዘመን እጅግ ብዙ ገንዘብ ነበር። በዓመቱ፣ በ1965፣ ባለቤቶቹ የመጀመሪያውን ምርጫ አካሄዱ። ከዚያ ወዲህ አንድ ወጣት መደራደር የሚችለው ስሙን ከጠራው አንድ ክለብ ጋር ብቻ ነው። ዋናው ሊግ ከደረሰም በኋላ የፈለገበት ለመሄድ ስድስት የአገልግሎት ዓመት መቁጠር አለበት። ሐኪም ወይም መሐንዲስ ሊሆን የሚማር ወጣት፣ የሚሠራበትን ከተማ ሌላ ሰው በስብሰባ ይወስንለት ቢባል የትኛው ወላጅ ይስማማል?

ከሁሉም ያሳዝነኝ በምርጫው ቀን ስማቸው በሰፊው የማይነሣው፣ ከኋለኞቹ ዙሮች የሚመጡት ወጣቶች ጉዳይ ነው። በታችኛው ሊግ፣ ነጠላ ኤ በሚባለው ደረጃ፣ ዝቅተኛው ክፍያ በዓመት 11 ሺህ ዶላር የነበረበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። በ2018 የአሜሪካ ኮንግረስ እነዚህን ተጫዋቾች ከዝቅተኛ ደመወዝ ሕግ ጥበቃ የሚያወጣ አንቀጽ አጸደቀ፤ የቤዝቦል ባለቤቶች የወተወቱበት ጉዳይ ነበር። መንገዱ የተቀየረው ተጫዋቾቹ ራሳቸው ስለታገሉ ነው። በ2014 የጀመሩት ክስ በ2022 በ185 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተቋጨ፤ በዚያው ዓመት በማኅበር ተደራጁ፤ በ2023 ዝቅተኛው የነጠላ ኤ ክፍያ ወደ 26,200 ዶላር ከፍ አለ። በመሐሉ ምርጫው ከ40 ዙር ወደ 20 ተቀነሰ፤ የታችኛው ሊግ ክለቦች ቁጥርም ከ160 ወደ 120 ወረደ፤ በየትንንሹ ከተማ ቡድን ፈረሰ፣ ሜዳ ተዘጋ። በአንድ የ17 ዓመት ልጅ የዱላ አያያዝ ሌሊቱን ሙሉ የሚከራከር ደጋፊ ለዚህ ትግል የዚያን ሩብ ያህል ትኩረት እንኳ አልሰጠም ነበር።

ምርጫው የጠበቁትን ካላመጣ ደግሞ ፍርዱ በልጁ ላይ ያርፋል። በ2013 ሂውስተን አስትሮስ በመጀመሪያው ተራ ማርክ አፔል የተባለውን ወርዋሪ መረጠ፤ ከእሱ ቀጥሎ የተጠራው ክሪስ ብራያንት በሦስት ዓመት ውስጥ የሊጉ ኮከብ ሆነ። አፔል ክንዱ ታመመ፣ በ2018 ጨዋታውን ተወ፣ ስሙ የመጥፎ ምርጫ ምሳሌ ሆኖ ዓመታት ቆየ። በ2021 ተመልሶ በታችኛው ሊግ ከራሱ በዕድሜ ከሚያንሱ ልጆች ጋር ወረወረ፤ በ2022፣ በ30 ዓመቱ፣ ለፊላደልፊያ ፊሊስ በዋናው ሊግ ተሰለፈ። እሱ ራሱን አልመረጠም፤ የመረጠውን ክለብም አልመረጠም። ውርደቱን ግን ለብቻው ተሸከመ።

የሚቃወሙኝ ሁለት ነገር ይላሉ። አንደኛው፣ ሥርዓቱ ለደካማ ክለቦች ቅድሚያ ስለሚሰጥ ፉክክሩን ያመጣጥናል የሚል ነው። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ናሽናልስ ራሱ በ2009 ስቴፈን ስትራስበርግን፣ በ2010 ብራይስ ሃርፐርን በመጀመሪያው ተራ አግኝቶ ከወደቀበት ተነሥቷል። ይሁንና በ2019 ዋንጫውን ያነሣው ክለቡ ለነማክስ ሸርዘር ብዙ ስለከፈለ እና ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ የመጣውን፣ በምርጫው በኩል ያልመጣውን ሁዋን ሶቶን ስላሳደገ ጭምር ነው። ከዚያ ወዲህ ሶቶን ሸጦ፣ ሁለተኛውንም የመጀመሪያውንም ተራ አግኝቶ፣ በ2025 እንኳ 96 ጨዋታ ተሸንፏል። ፓይረትስ በ2021 እና በ2023 ሁለት ጊዜ የመጀመሪያውን ተራ ቢያገኝም ከ2015 በኋላ ከምድብ ጨዋታ ያለፈበት ዓመት የለም። የምርጫ ተራ ለማይከፍል ባለቤት መጠበቂያ ምክንያት ሆኖለታል፦ «ልጆቹ ይምጡ፣ ታገሡ» ይላል፤ ደጋፊውም ይታገሣል።

ሁለተኛው፣ ክርክሩ የፍቅርና የተስፋ መግለጫ ነውና ለምን ትነኩታላችሁ የሚል ነው። ፍቅሩን አከብራለሁ። በዋሽንግተን፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ያደጉ የኢትዮጵያውያን ልጆች ይህን ጨዋታ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ሲወዱት ደስ ይለኛል። የሚወድ ሰው ግን ይጠይቃል። በ2008 የተከፈተው የናሽናልስ ስታዲየም የተሠራው በከተማው ሕዝብ ገንዘብ፣ ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበት ነው። እዚያ ከተማ ግብር የሚከፍል ሁሉ፣ ከእኛም ወገን ሱቅና ምግብ ቤት ያለው ጭምር፣ የዚህ ክለብ ጉዳይ ይመለከተዋል።

እንግዲህ ደጋፊው ድምፁን ለውጥ ወደሚያመጣ ጥያቄ ይመልሰው፤ ክለቡን እንዲህ ብሎ ይጠይቅ። ባለፉት አሥር ዓመታት ከመረጣችኋቸው ስንቱ ለዋናው ሊግ በቁ? ስንት ወርዋሪ በእጃችሁ እያለ ለቀዶ ሕክምና ተዳረገ? በታችኛው ሊግ ያሉት ልጆች የት ያድራሉ፣ ምን ይበላሉ፣ ስንት ያገኛሉ? ስንት አሠልጣኝ ቀጠራችሁ፣ ስንቱን አሰናበታችሁ? የአገልግሎት ዓመቱን ለመቆጠብ ብላችሁ የበሰለ ተጫዋች ታች አቆይታችኋል? እነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያላቸው፣ በቁጥር የሚመለሱ ጥያቄዎች ናቸው። የዓመት ትኬት የሚያድስ ሰው ከማደሱ በፊት ይጠይቃቸው፤ ክለቡ ደጋፊዎቹን ሰብስቦ በሚያነጋግርበት መድረክ ይጠይቃቸው፤ ጋዜጠኛውም ከምርጫው ምሽት ትንበያ ይልቅ ለእነሱ ገጽ ይስጥ። ለእነዚህ መልስ ያለው ክለብ በአምስተኛውም በዘጠነኛውም ዙር ከመረጠው ልጅ ሰው ያወጣል። መልስ የሌለው ክለብ የመጀመሪያው ተራ በየዓመቱ ቢሰጠውም ያባክነዋል።