ወጣት ለምን ይከተባል?



የጥቅምት ብርድ ገባ፤ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ማስታወቂያም በየፋርማሲው በር ላይ ተለጥፏል። ባለፈው ስብሰባችን አዛውንቶቻችን «እንከተባለን» ሲሉ፣ ወጣቶቻችን ግን «አምና ተወግተን ጉንፋኑ መች ማረን!» ብለው ሳቁብን።

እውነቱን እንነጋገር፤ ልጆቹ ጨርሶ አልተሳሳቱም። የሕክምና ጥናቶችን እየሰበሰበ የሚመረምረው ኮክሬን የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ውጤት መሠረት፣ ጤነኛ ከሆኑ 1,000 ያልተከተቡ ጎልማሶች መካከል በአንድ የብርድ ወቅት ኢንፍሉዌንዛ የሚይዛቸው 23 ያህል ሲሆኑ፣ ከተከተቡት 1,000 ግን 9 ናቸው። ከግማሽ በላይ ቀነሰ ማለት ነው። ነገር ግን ትኩሳት፣ ሳልና ቁርጥማት የያዘውን ሁሉ ስንቆጥር፣ 215 የነበረው 181 ብቻ ነው የሆነው። ለምን ቢሉ፣ እኛ በልማድ «ፍሉ» የምንለው ብዙውን ጊዜ ሌላ ቫይረስ ነው፤ ክትባቱ እሱን አያውቀውም።

ዓመትም ከዓመት ይለያያል። ቫይረሱ መልኩን ይለዋውጣል፤ ክትባቱ ደግሞ ከወራት በፊት ስለሚዘጋጅ አንዳንዴ ይስታል። እዚህ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2014–2015 የብርድ ወራት የመከላከል ኃይሉ 19 በመቶ ያህል ብቻ ነበር። ይህን ደብቀን «ተከተቡ» ብንል ማን ያምነናል?

«ታዲያ ከሺህ ለ14 ሰው ብዬ ልወጋ?» የሚለን አይጠፋም። አዎን፣ ተወጋ! አንተ ሳምንት ተኝተህ ትነሳ ይሆናል (በሰዓት ለሚከፈለው ያ ሳምንት የቤት ኪራይ ነው)። በሕንፃችን ግን በአንድ ባለ ሁለት መኝታ ቤት አያትና ጨቅላ አብረው ይኖራሉ። ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን አይከተብም፤ የአዛውንት ሰውነትም ለክትባቱ የሚሰጠው ምላሽ ደካማ ነው። ደህና የሚሠራው በወጣቱ ላይ ነው፤ ከታክሲው፣ ከፓርኪንጉ፣ ከትምህርት ቤቱ በሽታውን ይዞ የሚገባውም እሱው ነው።

ወጣት አይነካም የሚል ካለ ደግሞ የኅዳር በሽታን ያስታውስ። በ1911 ዓ.ም. አገራችንን የመታው ያ ወረርሽኝ ኢንፍሉዌንዛ ነበር፤ በዓለም ዙሪያ የፈጀውም ብዙ ጎልማሳ ነው። የየዓመቱ ፍሉ የዚያን ያህል አይከፋም፤ ዘሩ ግን አንድ ነው።

መርፌው ክንድ ያሳምማል፣ አንዳንዱንም ቀን ሁለት ቀን ያተኩሰዋል፤ ኢንፍሉዌንዛ ግን አያስይዝም። ለመሥራት 2 ሳምንት ያህል ስለሚፈልግ ከታንክስጊቪንግ ድግስ በፊት አስቡበት። ኢንሹራንስ የሌላችሁ፣ ወይም ለካውንቲው ጤና ቢሮ ለመደወል እንግሊዝኛው የሚያስቸግራችሁ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በመሰብሰቢያው ክፍል አለን።