ዜማው ምን በደለ?

ከወራት በፊት የሙዚቃ ዕውቀቱን የማከብርለት አንድ ወዳጄ ቤቴ መጥቶ ሳለ አሮጌ ካሴት ከፈትኩ። ካሴቱ የሟች ታላቅ እኅቴ ነው። ሕመሙ በጠናባት በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ደጋግማ የምታስከፍተኝ አንድ የትንሣኤ መዝሙር አለበት። ቃሉ ፈረንሳይኛ ነው፤ እርሷ ቋንቋውን ባታውቅም ዜማው እንደሚያሳርፋት ትነግረኝ ነበር። ወዳጄ ጥቂት አዳመጠና ፈገግ አለ። «ይህ እኮ የሄንደል ነው፤ የጦር አዛዥ መቀበያ ዘፈን! የጸሎት ቃል ደርበውበት መዝሙር አደረጉት። የሚወዱት ሰዎች የሚወዱትን አያውቁትም» አለኝ።

እንግዳ ነውና ዝም አልኩ። ዛሬ ግን ዝም አልልም።

በቅድሚያ ሐቁን ልመን። ወዳጄ ታሪኩን አልሳተም። ጆርጅ ፍሬድሪክ ሄንደል ዜማውን የደረሰው «ኢያሱ» ለተባለው ኦራቶርዮው ሲሆን፣ ሥራው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1748 ለንደን ውስጥ ለሕዝብ ቀረበ። ጎቶንያል ድል አድርጎ ሲመለስ መጀመሪያ ወጣቶች፣ ቀጥሎ ደናግል፣ በመጨረሻም ሕዝቡ ሁሉ እየዘመረ ይቀበለዋል። የባሰም አለ። ዜማው በኋላ የገባበት «ይሁዳ መቃቢስ» የተባለው ኦራቶርዮ የተደረሰው፣ በ1746 በስኮትላንድ ከለደን ላይ አማፅያንን ድል ለመታው ለከምበርላንድ መስፍን ክብር ነበር። ያ መስፍን ከድሉ በኋላ በፈጸመው ጭካኔ «አራጁ» የሚል ስም ወጥቶለታል። ይህን መሸሸግ አያስፈልግም።

ታዲያ ዜማው ምን በደለ?

ከአንዱ ድርሰት አንሥቶ ወደ ሌላው ያዛወረው እኮ ራሱ ሄንደል ነው። ባለቤቱ ያላሰረውን ዜማ እኛ በየትኛው ሥልጣን እናስረዋለን? ቤትሆቨን በ1796 ለቼሎና ለፒያኖ 12 ጊዜ እያለዋወጠ ጻፈው። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ሃይንሪሽ ራንከ ቃል ጻፈለትና የገና ዋዜማ ሰሞን መዝሙር ሆነ። በ1884 ስዊዛዊው ፓስተር ኤድሞን ቡድሪ እኅቴ የምትወደውን የፈረንሳይኛ የትንሣኤ ቃል ሰጠው፤ በ1923 ደግሞ ሪቻርድ ሆይል ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። በእስራኤል ሌቪን ኪፕኒስ በጻፈው የዕብራይስጥ ቃል ሕፃናት በሐኑካ በዓል ይዘምሩታል። ይህ ሁሉ ሕዝብ ተታልሏል ልንል ነው?

ፍቅራቸው ካለማወቅ የመጣ አይደለም። ዜማውን ልብ ብላችሁ ስሙት። የመነሻው ሐረግ መሐል ላይ ለሌላ ሐሳብ ቦታ ይለቅና መጨረሻ ላይ ተመልሶ ይመጣል። ሲመለስ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማው ሰው እንኳ እንደ ጥንት ወዳጅ ያውቀዋል፤ ያልሠለጠነ ጉሮሮም ይችለዋል። ሄንደል ሕዝብ በአንድነት ሲዘምር እንዲሰማን ፈልጎ ነው እንዲህ ያበጀው። ይህን ያጣጣመ ጆሮ፣ ስሙን መጥራት ባይችል እንኳ፣ ሄንደልን አውቆታል።

«እኛ መዝሙሩን እንጂ ታሪኩን ምን አደረግነው?» ከሚሉትም ጋር አይደለሁም። ከለደንን ማወቅ ይገባል። ለአራጅ ክብር በተደረሰ ሥራ ውስጥ የተዘመረ ዜማ የታመመችን ሴት ሲያሳርፍ ማየት፣ ዜማ ከጌቶቹ ዕድሜም ከክፋታቸውም እንደሚያልፍ ያስተምራል። ዕውቀት እንዲህ ፍቅርን ሊያሰፋ ሲገባው የሰው ማሳፈሪያ ሲሆን ግን ዕውቀት መሆኑ ይቀርና ትዕቢት ይሆናል።

ወዳጄ ተመልሶ ይምጣ። ቡና ይፈላል፣ «ኢያሱ»ን ከዳር እስከ ዳር አብረን እንሰማለን፤ የማላውቀውንም ያስረዳኝ። ከዚያ ካሴቱን እከፍታለሁ። የእኅቴን ጆሮ ግን አይንካብኝ።